የድሮ ፎቶ በምን ይመርመር? ማጉያ መነጽር፣ ዩቪ መብራት፣ ኤክስአርኤፍና ኢንፍራሬድ ሲነጻጸሩ

ለገጣፎ ወይም ሱሉልታ ያለ ቤት የአያት ሣጥን ተከፍቶ የድሮ ፎቶ ሲወጣ፣ ወይም ሰበታ አካባቢ ያለ ደብር ዕቃ ቤቱን ሲያጸዳ በጨርቅ የተጠቀለለ የመስታወት ኔጌቲቭ ሲያገኝ፣ ወዲያው የሚነሳው ጥያቄ «የት ወስደን እናስመርምረው?» የሚል ነው። ከዚያ በፊት መመለስ ያለበት ሌላ ጥያቄ አለ፤ ውጤቱን ብናውቅ ምን የተለየ ነገር እናደርጋለን? መልሱ «ምንም» ከሆነ ገንዘብ ከማባከን አልፎ ፎቶውን በመንገድ ማንገላታት ነው የሚሆነው።

ከምርመራ የሚጠበቁት ውሳኔዎች ጥቂት ናቸው። ፎቶው በዘመኑ የታተመ ነው ወይስ ኋላ የተገለበጠ? ውሃ ወይም አልኮል ቢነካው ምን ይሆናል? በምን ዓይነት ፖስታ ይቀመጥ? ኔጌቲቩ ከሌሎቹ ተለይቶ መውጣት አለበት? ባለሙያ ይጠግነው ወይስ እንዳለ ይቆይ? አብዛኞቹ በማጉያ መነጽርና በዩቪ መብራት ይመለሳሉ። ትልልቆቹ መሣሪያዎች የሚያስፈልጉት እነዚህ ሲያቅታቸው ነው።

ሣጥኑ ውስጥ ምን ይጠበቃል?

የውጭ አገር መመሪያዎች ብዙ ገጽ የሚሰጡት ለዳጌሮታይፕ ነው። እ.ኤ.አ. በ1839 ይፋ የሆነ፣ ምስሉ በብር በተለበጠ የመዳብ ሳህን ላይ የሚያርፍበት ስልት ነው። እዚህ አገር ሣጥን ውስጥ እሱን የማግኘት ዕድል እጅግ ጠባብ ነው። እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ፣ ሲያዘነብሉት ምስሉ ከብርሃን ወደ ጨለማ የሚገለበጥ ሳህን ካጋጠመ ግን መያዣውን አለመክፈት፣ ገጹን በምንም አለመጥረግ ነው። ጥቁረቱን ለማስለቀቅ በአንድ ወቅት ይሠራበት የነበረው የታይዮዩሪያ ማጠቢያ ብሩን ራሱን እየበላ የማይጠፋ ጠባሳ ጥሎበታል።

እ.ኤ.አ. በ1868 የናፒየር ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት የእንግሊዝ መሐንዲሶች ጦር ፎቶ አንሺዎች አብረው ነበሩ፤ ከዚያ ዘመቻ የቀሩት ህትመቶች በአመዛኙ በውጭ አገር ስብስቦች ውስጥ ይገኛሉ። በአዲስ አበባ ሙያው ሥር የሰደደው በአጼ ምኒልክ ዘመን ነው። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን እ.ኤ.አ. በ1905 መጥተው የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ሆኑ፤ ሙያው ወደ ልጆቻቸውም ተላልፏል። ስለዚህ በከተማዋ ዙሪያ ባሉ ቤቶች የሚገኘው በአብዛኛው ካርቶን ላይ የተለጠፈ ቡናማ ህትመት፣ የመስታወት ኔጌቲቭ፣ የፊልም ኔጌቲቭ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ፎቶ ቤት የተነሳ ጥቁርና ነጭ የጀላቲን (ከእንስሳ ቆዳና አጥንት የሚሠራ ማያያዣ) ህትመት ነው። በእጅ ቀለም የተቀባም አይጠፋም። እሱን እርጥብ ጨርቅ ቢነካው ቀለሙ ይዞ ይሄዳል።

ማጉያ መነጽር

ሁሉም ነገር ከዚህ ይጀምራል። ወርቅ ሠሪዎች የሚይዙት 10 እጥፍ የሚያጎላ መነጽር ለገጹ ይበቃል፤ የህትመቱን ንብርብር ለማየት ግን 30 እጥፍና ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። በዩኤስቢ ኮምፒውተር ላይ የሚሰካ ትንሽ ማይክሮስኮፕ ይሻላል፤ ያዩትን በፎቶ ያስቀራልና። ማሸጊያው ላይ «1000 እጥፍ» የሚል ቢጻፍም ከ30 እስከ 100 ባለው ውስጥ ይሥሩ። መብራቱን ከጎን ዝቅ አድርገው ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ያህል ያዘንብሉት፤ ከላይ የሚመጣ ብርሃን ስንጥቁንም እብጠቱንም ይደብቃል።

የሚታየው ቦታ የሰውየው ፊት አይደለም። መካከለኛ ግራጫ ያለበትን፣ ጨለማና ብርሃን የሚገናኙበትን፣ የተላጠ ጥግ ካለ ደግሞ እሱን ይዩ። የወረቀቱ ክሮች ጥርት ብለው ከታዩና ምስሉ ክሮቹ ውስጥ የሰረገ ከመሰለ ህትመቱ ባለ አንድ ንብርብር ነው፦ የጨው ወረቀት፣ ፕላቲኒየም፣ ወይም ሰማያዊ ከሆነ ሳያኖታይፕ። ክሮቹ ከሚያብረቀርቅ ስስ ሽፋን ሥር ከታዩ ባለ ሁለት ንብርብር ነው፤ ይህ አብዛኛውን ጊዜ አልቡሚን ማለትም በእንቁላል ነጭ የተሠራ ህትመት ነው። ክር ጨርሶ ካልታየ በወረቀቱና በምስሉ መካከል ባሪታ የሚባል የባሪየም ሰልፌት ነጭ ሽፋን አለ፤ ህትመቱም ጀላቲን ወይም ኮሎዲዮን (ከናይትሮሴሉሎስ የሚሠራ ስስ ሽፋን) ነው። ምስሉ በነጠብጣብ የተሠራ ከሆነ ደግሞ ከማተሚያ ቤት የወጣ ነው፤ ፎቶግራፍ አይደለም። ከመጽሔት ተቆርጦ በክፈፍ የተሰቀለ ምስል በዚህ ቀላል ፍተሻ ይለያል።

አልቡሚን ብርሃናማ ቦታዎቹ ቢጫ ይሆናሉ፤ ገጹ በ30 እጥፍ ሲታይ ውሃው እንደ ሸሸ የኩሬ ጭቃ ተሰነጣጥቋል። ይህ ስንጥቅ አልቡሚን የማይታጠብበት ምክንያት ነው። ወረቀቱ ውሃ ሲጠጣ ይለጠጣል፣ የእንቁላል ሽፋኑ ግን እኩል አይከተለውም፤ ሲደርቅ ስንጥቁ ይበዛል። ጀላቲን ሲያረጅ ጨለማ ቦታዎቹ ላይ፣ በተለይ ዳር ዳሩን፣ ብርማ ሰማያዊ ንጣፍ ያወጣል። ብሩ በእርጥበትና በአየር ብክለት ተሟሙቶ ወደ ገጹ ወጥቶ እንደገና ብር ሲሆን የሚፈጠር ነገር ነው። ብዙ ሰው ሻጋታ ይመስለውና በጥጥ ይፈትገዋል፤ የሚፈትገው የምስሉን ብር ነው። ኮሎዲዮን ይህ ንጣፍ እምብዛም አይታይበትም፤ ወደ መብራት ሲያዘነብሉት የቀስተ ደመና ብልጭታ ይሰጣል፣ ጭረትም በቀላሉ ይይዛል።

የማጉያ መነጽር ድካሙ በጀላቲንና በኮሎዲዮን መካከል ነው። ሁለቱም ባሪታ አላቸው፣ ሁለቱም ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ ቡናማ ሊሆኑ ይችላሉ። የድሮ ባለሙያዎች በጥግ ላይ የውሃ ወይም የአልኮል ጠብታ አድርገው ይለያሉ፤ ጀላቲን በውሃ ያብጣል፣ ኮሎዲዮንን አልኮል ያሟሟዋል። ይህን ቤት ውስጥ አይሞክሩት፤ ጠብታው ያረፈበት ቦታ ተመልሶ እንደነበረ አይሆንም። ለተራ ጥበቃ ደግሞ ልዩነቱን ማወቅ ግድ አይደለም። ሁለቱንም ከውሃም ከአልኮልም ካራቁ ተሳሳቱም አልተሳሳቱም ፎቶው አይጎዳም። የእጅ ሳኒታይዘር ቀብተው እጅዎ ሳይደርቅ ፎቶ ወይም የመስታወት ኔጌቲቭ አለመንካትም ከዚሁ ይቆጠራል። ሳኒታይዘሩ በአብዛኛው አልኮል ነው።

ዩቪ መብራት

ሱቆች የብር ኖት የሚፈትሹበት መብራት ለዚህ ሥራ ይሆናል፤ ግን የትኛው? 365 ናኖሜትር የሚለውን ይምረጡ። ርካሽ የእጅ ባትሪዎች በአብዛኛው 395 ናኖሜትር ናቸው፤ ራሳቸው ደማቅ ሐምራዊ ብርሃን ስለሚረጩ ፎቶው የፈነጠቀ ይመስላል፣ አይንም ያታልላል። ጥቁር ማጣሪያ መስታወት ያለው ባትሪ ከሌለው ይሻላል። ለማምከኛ የሚሸጠው 254 ናኖሜትር አይን ይጎዳል፣ ፎቶም ያበላሻል፤ ፈጽሞ አይጠቀሙበት። ክፍሉን ያጨልሙ፣ አይንዎ እስኪለምድ ጥቂት ይጠብቁ፣ ከዚያ አንዱን ፎቶ ከአንድ ደቂቃ በላይ ማየት አያስፈልግም፤ ከዚያ በታች ይበቃል።

ዋና ጥቅሙ ቅጂን መለየት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ የፎቶ ወረቀት አምራቾች ነጩን የሚያነጣ ኬሚካል መጨመር ጀመሩ፤ በዩቪ ሥር ደማቅ ሰማያዊ ነጭ ሆኖ ያበራል። «የአጼ ምኒልክ ዘመን ነው» ተብሎ የቀረበ ህትመት ወረቀቱ እንዲህ ካበራ፣ ሥዕሉ ያን ዘመን ቢያሳይም ህትመቱ ኋላ ፎቶ ቤት የተገለበጠ ነው። ይህን ፍተሻ ሳያልፍ ማንም ለከባድ መሣሪያ ገንዘብ ባያወጣ ጥሩ ነው።

ተቃራኒው ግን አይሠራም። የማያበራ ወረቀት ሁሉ አሮጌ አይደለም፤ ከ1950ዎቹ በኋላም ሳይጨምሩ ያመረቱ አሉ። ሌላው ወጥመድ አልበሙ ነው፦ አዲስ የተለጠፈበት ካርቶን፣ ሙጫ፣ በኦሞ የታጠበ ጨርቅ የነካው ቦታ ሁሉ ያበራል። ስለዚህ የሚታየው ከተቻለ የህትመቱ ጀርባ ወይም ያልተለጠፈ ዳር ነው፤ ከጎኑ ዛሬ የተገዛ የፎቶኮፒ ወረቀት ለማመሳከሪያ ያስቀምጡ። የቀድሞ ጥገናም ይታያል፤ የኋላ ቀለም፣ ሙጫና መሙያ ከፎቶው በተለየ ቀለም ያበራሉ።

ኤክስአርኤፍ

ኤክስ ሬይ ፍሎረሰንስ ለማዕድን ፍለጋና ለወርቅ ንጽህና የሚሠራበት፣ ብዙ ጊዜ እንደ ሽጉጥ የሚያዝ መሣሪያ ነው። ፎቶው አይቆረጥም፣ ናሙና አይወሰድበትም። የሚናገረው ንጥረ ነገሮችን ነው፦ ብር፣ ወርቅ፣ ፕላቲኒየም፣ ብረት፣ ባሪየም። ጀላቲን፣ የእንቁላል ነጭና ኮሎዲዮን ከካርቦን፣ ከሃይድሮጂን፣ ከናይትሮጂንና ከኦክስጂን የተሠሩ በመሆናቸው ለኤክስአርኤፍ የሉም ማለት ይቻላል። «ፎቶው አልቡሚን ነው ወይስ ጀላቲን?» ለሚለው ጥያቄ በቀጥታ አይመልስም። ባሪየም ካለና ከሌለ ግን ብዙ ይጠቁማል፤ አልቡሚን በተለምዶ ባሪታ የለውም።

እዚህ ከተማ የሚያጋጥመው ችግር ለወርቅ ግዢ የተዘጋጀ መሣሪያ ነው። የቅይጥ ብረት ፕሮግራም ላይ እንዳለ ፎቶ ላይ ቢተኮስ፣ ያያቸውን ብረቶች ብቻ ወስዶ ድምራቸውን ወደ 100 በመቶ ያደርሳል። ፎቶው ውስጥ በካሬ ሴንቲሜትር ከሚሊግራም በታች ያለ ብር ሳለ ስክሪኑ ላይ ለፍርድ የሚቀርብ ቁጥር ይወጣል። ያ ቁጥር ትርጉም የለውም። የሚጠየቀው ስፔክትረሙ ራሱ፣ ማለትም ጫፎቹ የሚታዩበት ግራፍና ፋይሉ ነው። ባለ መሣሪያው ይህን መስጠት ካልቻለ ጉዞው አያዋጣም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጨረሩ ወረቀቱን አልፎ ይሄዳል፤ ከሥር የብረት ጠረጴዛ ካለ የጠረጴዛውን ብረት ያነባሉ። ፎቶው ባዶ ቦታ ላይ ተንሳፍፎ፣ ወይም ንጹህ አክሪሊክ ላይ ይቀመጥ። በእጅ ተይዞ አይተኮስም፣ ለጨረሩም ለእጁም ሲባል። ቮልቴጁ ከ45 እስከ 50 ኪሎቮልት፣ በአንድ ነጥብ ከ100 እስከ 200 ሴኮንድ ይሁን፤ ወርቅ ማቅለሚያ (ህትመቱ በወርቅ ኬሚካል ሲታከም የሚቀረው ወርቅ) በጣም ጥቂት ስለሆነ በ10 ሴኮንድ አይታይም። አንድ ነጥብ መተኮስም አይበቃም። በጣም ጨለማው ቦታ፣ በጣም ብርሃናማው ቦታ፣ የተለጠፈበት ካርቶን ብቻ ያለበት ዳር፣ ሦስቱም ይነበቡ። ከጨለማው ጋር የሚጨምር ንጥረ ነገር የምስሉ ነው፤ በጨለማውም በብርሃኑም እኩል የሆነ የባሪታው ወይም የወረቀቱ ነው፤ ካርቶኑ ላይም ያለ ደግሞ የካርቶኑ ነው። ይህን ሳይለዩ «ወርቅ አለው» ማለት በወርቃማ ጽሑፍ የታተመ ካርቶን ላይ እስከ ማሳሳት ይደርሳል።

ልምድ ያለውን ሰው ሳይቀር የሚያሳስት አንድ ነገር አለ። የባሪየም ዝቅተኛ መስመር 4.47 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ላይ ነው፣ የታይታኒየም 4.51 ላይ፤ መሣሪያው ሁለቱን አይለይም። ባሪየም የድሮ ባሪታ ምልክት ሲሆን ታይታኒየም ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጨረሻ ወዲህ በመጣው በፕላስቲክ የተሸፈነ የፎቶ ወረቀት ውስጥ ያለ ነጭ ነው። አንዱን በሌላው መተካት ፎቶውን በብዙ አሥርት ዓመታት ያዛንፋል። ፍቺው 32 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ ያለውን የባሪየም ከፍተኛ መስመር መፈለግ ነው፤ እሱ እንዲታይ ቮልቴጁ 45 እና ከዚያ በላይ መሆን አለበት። ከባሪየም ጋር ትንሽ ስትሮንቲየም መታየቱም ባሪታነቱን ያጠናክራል።

ታዲያ ማን ይጠቀምበት? ለአንድ ቤተሰብ አልበም አያስፈልግም። ለኤግዚቢሽን ወይም ለሽያጭ የሚቀርብ፣ ትክክለኛነቱ የሚያከራክር ህትመት ካለ ያዋጣል። ደብዝዘው በሚታዩና በማይደበዝዙ ህትመቶች መካከል ያለውን ልዩነት ለሚያጠና ተቋምም እንዲሁ፤ ወርቅ የተቀባ ህትመት ከድኝና ከብክለት የተሻለ ይቋቋማልና።

ኢንፍራሬድና ራማን

ኤፍቲአይአር የሚባለው የኢንፍራሬድ መሣሪያ ኤክስአርኤፍ የማያየውን ያያል፦ ማያያዣውን፣ ቫርኒሹን፣ ሙጫውንና ፕላስቲኩን። በዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ክፍሎች የተለመደ ነው። የሁለቱ መደጋገፍ ጥሩ ማሳያ የኒሴፎር ኒዬፕስ እ.ኤ.አ. የ1826 ወይም 1827 ሥራ ነው፤ ከካሜራ ተገኝተው ከቀሩት ምስሎች ሁሉ የመጀመሪያው ተብሎ የሚታወቀው። ጌቲ ኮንሰርቬሽን ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2002 ሲመረምረው ኤክስአርኤፍ የሳህኑን ብረት፣ ኢንፍራሬድ ደግሞ በላዩ ያለውን ቢትመን የተባለ ሬንጅ አሳየ። አንዱ ብቻ ቢሆን ግማሹ ታሪክ ይቀር ነበር።

ኮሎዲዮን በኢንፍራሬድ ግራፉ ላይ 1650፣ 1280 እና 840 (በሴንቲሜትር የሚቆጠር የሞገድ ብዛት) አካባቢ ጫፎች አሉት፤ ጀላቲንና አልቡሚን 1650 እና 1550 አካባቢ። 1280 ላይ ጎላ ያለ ጫፍ ካለ ኮሎዲዮን ነው ማለት ነው፤ ማጉያ መነጽር የተወውን ክፍተት እዚህ ይሞላሉ። አልቡሚንን ከጀላቲን ለመለየት ግን ኢንፍራሬድ ደካማ ነው፤ ሁለቱም ፕሮቲን ናቸው። እሱን የ30 እጥፍ መነጽር በተሻለ ይፈታዋል።

በአብዛኞቹ ላብራቶሪዎች ያለው ኤቲአር የሚባለው ዓይነት ናሙናውን ትንሽ ክሪስታል ላይ በብሎን ይጫነዋል። ለዱቄትና ለፕላስቲክ ጥሩ ነው፤ ፎቶ ላይ ግን ከአንድ እስከ ሁለት ሚሊሜትር የሚሆን ክብ ጠባሳ ይተዋል። ለቴክኒሺያኑ ቀድመው ይንገሩ። ሳይነካ የሚያነብ ክፍል ከሌለው፣ ራሱ ተላጥቶ ፖስታው ውስጥ የወደቀ ፍርፋሪ ካለ እሱን ብቻ ይስጡ፤ የስፒል ራስ የሚያህል ይበቃል። ከጤነኛ ፎቶ ላይ ለናሙና ብሎ መላጥ ለቤተሰብ ስብስብ አይመከርም።

ራማን በሌዘር ይሠራል። ጀላቲን በሌዘር ሲበራ ራሱ ስለሚፈነጥቅ ምልክቱን ይውጠዋል፤ ኃይሉ ከበዛ ደግሞ ብሩ ያለበትን ነጥብ ያቃጥላል። እዚህ ለምንነጋገርባቸው ፎቶዎች አይመረጥም። «ካርቦን ዴቲንግስ?» የሚል ጥያቄም አይቀርም፤ ናሙናውን ያቃጥላል፣ ከ17ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ እስከ 1950 ላለው ጊዜ ደግሞ አንዱን ዘመን ከሌላው መለየት ይቸግረዋል። ለፎቶ ምንም አይረባም።

የፊልም ኔጌቲቭ፦ እዚህ ላይ መዘግየት አይቻልም

ፊልም ሦስት ዓይነት መሠረት አለው። ናይትሬት በቀላሉ ይቀጣጠላል፣ አንዴ ከያዘው ደግሞ ውሃም አያጠፋውም። አሴቴት በቀላሉ አይቀጣጠልም፣ ግን ሲበላሽ አሴቲክ አሲድ እያወጣ ጎረቤቶቹን ይበክላል። ፖሊስተር ችግር የለበትም።

መጀመሪያ ዳሩን ያንብቡ። በላቲን ፊደል «ሴፍቲ» የሚል ካለ አሴቴት ወይም ፖሊስተር ነው፤ «ናይትሬት» ካለ ነገሩ ግልጽ ነው። ጽሑፉ ራሱ ከሌላ ፊልም ተገልብጦ የመጣ እንዳይሆን ጠርዙን በማጉያ ይዩት። ኮዳክ ናይትሬት ማምረት ያቆመው እ.ኤ.አ. በ1951 ነው። ጽሑፍ ከሌለው የላፕቶፕ ስክሪን ነጭ ገጽ ይክፈቱ፣ ፖላራይዝድ የፀሐይ መነጽር ይዘው ስክሪኑ እስኪጨልም ያሽከርክሩት፣ ፊልሙን በመካከል ያስገቡ። የቀስተ ደመና ቀለም ካሳየ ፖሊስተር ነው፤ እንደጨለመ ከቀረ አሴቴት ወይም ናይትሬት። የቀረውን ኢንፍራሬድ ይለያል፤ ለተደባለቀ የፊልም ሣጥን ከየትኛውም ምርመራ በላይ የሚያዋጣው እዚህ ነው፣ ፊልም ደግሞ የኤቲአሩን ግፊት በባዶ ጠርዙ ይችላል። ጫፉን ቆርጦ ማቃጠል የሚባለውን ፍተሻ ይተዉት።

የኮምጣጤ ሽታ ካለ አሴቴቱ መበላሸት ጀምሯል። አፍንጫ ግን ዘግይቶ ነው የሚያውቀው። ኤ-ዲ ስትሪፕ የሚባሉ ቀለም የሚቀይሩ ወረቀቶች ቀድመው ይናገራሉ፦ ከፊልሙ ጋር በተዘጋ ሣጥን ውስጥ ቢያንስ 24 ሰዓት ሲቆዩ ሰማያዊ ከሆኑ ጤነኛ፣ አረንጓዴ ከሆኑ መበላሸቱ እየፈጠነ፣ ቢጫ ከሆኑ አስቸኳይ ነው። ደረጃ 1.5 የተባለውን ካለፈ ፊልሙ በራሱ አሲድ ራሱን እየበላ ስለሆነ መገልበጥ አለበት።

ናይትሬት የተገኘ እንደሆነ ከቤት ይለይ፤ በወረቀት ፖስታ፣ አየር በሚያገኝ ቦታ። የታሸገ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ መክተት ጋዙን ያጠራቅመዋል። በመጋቢት ፀሐይ የቆርቆሮ ጣራ ሥር ማስቀመጥም እንዲሁ፤ ክፉኛ የተበላሸ ናይትሬት ከ40 ዲግሪ ትንሽ ከፍ ባለ ሙቀት ራሱን ሊያቀጣጥል ይችላል።

የጠና አሴቴትን ማቀዝቀዣ ውስጥ ማስገባት ሁለተኛው አማራጭ ነው። ሁለት ዚፕ ያላቸው ላስቲኮች፣ በመካከላቸው የእርጥበት ማሳያ ካርድ። መብራት የሚጠፋበት ሰፈር ከሆነ ውሃ የሞሉ ሃይላንዶች ክፍተቱን ይሙሉት፤ ሙሉ ፍሪዘር ሳይከፈት 48 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል፣ ግማሹ ባዶ የሆነ 24። ሲያወጡት ላስቲኩን ሳይከፍቱ አንድ ቀን ያቆዩት። የመስታወት ኔጌቲቭ ግን ፍሪዘር አይገባም።

ከምርመራ የተረፈው ገንዘብ

በአዲስ አበባ ዙሪያ ሙቀት ትልቅ ጠላት አይደለም፤ ደጋ ነው። ጠላቱ ክረምት ነው። ሐምሌና ነሐሴ የቤት ውስጥ እርጥበት ከ70 በመቶ በላይ ሲቆይ ሻጋታ ጀላቲኑን ይበላል፣ መስታወት የነካ ፎቶም ይጣበቃል። የተጣበቀውን አይላጡ፤ በመስታወቱ ላይ እንዳለ ይቅዱት። ታኅሣሥ ላይ ደግሞ አየሩ ይደርቃል፤ ህትመቱ ይጠቀለላል። የሚፈለገው ከ30 እስከ 50 በመቶ ባለው ውስጥ ብዙ ሳይዋዥቅ መቆየት ነው።

ሃይግሮሜትር ሲገዙ ይፈትሹት። በጠርሙስ ክዳን የገበታ ጨው አድርገው እርጥብ አሸዋ እስኪመስል ጠብታ ውሃ ይጨምሩ፣ ከሃይግሮሜትሩ ጋር ዚፕ ላስቲክ ውስጥ ዘግተው ያሳድሩ። 75 ማሳየት አለበት። 69 ካለ ሁልጊዜ 6 ይደምሩ።

ሲሊካ ጄል ወይስ የተዘጋ ሣጥን ብቻ? የሙዚየሞች የቆየ ልክ በሜትር ኩብ 20 ኪሎ ነው፤ 50 ሊትር የፕላስቲክ ሣጥን 1 ኪሎ ይፈልጋል ማለት ነው። በደንብ የደረቀ ጄል በአንዴ ቢገባ ግን እርጥበቱን ከ20 በታች አውርዶ አልቡሚኑን ይሰነጥቀዋል። ይልቅ ጄሉን፣ ሣጥኑን፣ ፖስታዎቹን በጥር ክፍት አድርገው ሃይግሮሜትሩ 40 እስከ 45 ሲያሳይ ይቆዩ፣ ከዚያ በጎማ የሚገጥም ክዳን ይዝጉ፣ እስከ መስከረም አይክፈቱ። ወረቀቱና ካርቶኑ ራሳቸው እርጥበት ስለሚይዙ የሞላ ሣጥን ከባዶው ይረጋጋል። ጄል ማድረቅ ካስፈለገ በኦቭን በ120 ዲግሪ ሁለት ሦስት ሰዓት ነው፤ የእንጀራ ምጣድ 200 ዲግሪ ያልፋል፣ ጠቋሚ ቀለሙን ያቃጥለዋል።

ከፖስታዎች ፒቪሲ ላስቲክ የመጨረሻው ምርጫ ነው፤ እያረጀ አሲድ ያወጣል፣ ከፎቶው ጋር ይጣበቃል። ለመለየት የመዳብ ሽቦ በእሳት እስኪግል ያቃጥሉ፣ ከላስቲኩ የተቆረጠ ቁራጭ ያስነኩት፣ መልሰው እሳቱ ውስጥ ያስገቡት። ነበልባሉ አረንጓዴ ከሆነ ፒቪሲ ነው። ጭሱ ጎጂ ስለሆነ ውጭ ይሥሩት። ፖሊስተር ወይም ፖሊፕሮፒሊን ጥሩ ነው፤ ገጹ ለሚላጥ ህትመትና ለመስታወት ኔጌቲቭ ግን ወረቀት ይሻላል። ወረቀቱ አይኤስኦ 18916 የተባለውን የፎቶ ፍተሻ ያለፈ ቢሆን ይመረጣል። እስኪገኝ ድረስ የዛሬ ነጭ የፎቶኮፒ ወረቀት ከካኪ ፖስታና ከጋዜጣ በብዙ ይሻላል። ሳያኖታይፕ ግን ካልሲየም ካርቦኔት የተጨመረበት ወረቀት አይወድም፤ ሰማያዊው ይጠፋል።

ላብራቶሪ ለመሄድ ከተወሰነ

ፎቶውን ከፊትም ከኋላም፣ በቀጥታና በዘንባላ ብርሃን አንስተው ያስቀሩ። በሁለት ጠንካራ ካርቶኖች መካከል ጠፍጣፋ ይሂድ፤ መስታወት ከሆነ በረጅም ጎኑ ቆሞ። ጥያቄውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ፦ «ባሪየም አለው ወይ?»፣ «ገጹ ኮሎዲዮን ነው ወይ?»። «ስለ ፎቶው የሚታወቀውን ንገሩን» ካሉ የቁጥር ክምር ይዘው ይመለሳሉ። የሚነበቡትን ነጥቦች በፎቶው ላይ ሳይሆን በቅጂው ላይ ያመልክቱ። ጥሬው ፋይል፣ ቮልቴጁ፣ የሴኮንዱ ብዛትና የነጥቦቹ ቦታ ከውጤቱ ጋር ይሰጥዎት። ናሙናውም ሆነ ፎቶው ከአገር ይውጣ የሚል ሐሳብ ከመጣ ቀድሞ የቅርስ ባለሥልጣንን ፈቃድ መጠየቅ ይገባል። ቀጠሮው ነሐሴ ላይ ከዋለ ወደ ጥቅምት ያስገፉት፤ ከደረቀ ሣጥን ወጥቶ በዝናብ መኪና ውስጥ የሚቆይ ህትመት ላብራቶሪው ሳይደርስ ይጠቀለላል።